በሰው ቤት ሰው መርዳት፦ ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል አካባቢ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየረዳሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ብዙዎቻችሁ ለቤት ውስጥ ረዳቶች የሚሰጠውን የ75 ሰዓት ሥልጠና ጨርሳችሁ ሥራ ልትጀምሩ ነው። ያስጨነቃችሁን ሁሉ ጠይቁኝ።

እትዬ፣ የምረዳቸው እናት ሻወር ስላቸው ይቆጣሉ። ምን ላድርግ?

አይፈረድባቸውም። በልጃቸው ዕድሜ ባለች ሴት ፊት መራቆት ይከብዳል። መጀመሪያ ክፍሉን አሙቂ። ፎጣውንም ልብሱንም አጠገብሽ አድርጊ፤ አንዴ ከገቡ ብቻቸውን ትተሽ መውጣት የለም። ውኃውን በክንድሽ ሞክሪ፣ ከዚያ እሳቸው በእጃቸው ይንኩት። ገላቸውን በትልቅ ፎጣ ሸፍነሽ የምታጥቢውን ብቻ ግለጪ። ፊታቸውን ራሳቸው ይታጠቡ፤ የሚችሉትን አትንጠቂያቸው። ታችኛውን ክፍል ስታጥቢ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ነው። እምቢ ካሉ ግን አታስገድጂ። በእርጥብ ፎጣ ላብስልዎት በያቸው፣ ካልሆነም ነገ ጠይቂ፤ ለኤጀንሲሽም፣ ማለት ለቀጠረሽ ድርጅት፣ አሳውቂ።

ስትሮክ የመታቸውን ሰው ማልበስ አቃተኝ።

ሲለብሱ የደከመው እጅ ይቅደም። ሲያወልቁ ደግሞ ጤነኛው።

ሽንት ቤቱ እንዲጸዳ በረኪናን ከሌላ ነገር ጋር ብደባልቅስ?

በፍጹም! በረኪና ከአሞኒያ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። አንዳንድ የመስታወት ማጽጃ አሞኒያ አለበት። ሽንትም እንደዚያው፤ ስለዚህ ፖፖውን መጀመሪያ በውኃ አለቅልቂ። መስኮት ክፈቺ፣ ጓንት አድርጊ።

እናቴን የምረዳት እኔው ነኝ። ኦክስጅን ታዝዞላታል። ቡና ማፍላት እንችላለን?

ይህን የጠየቅሽኝ ተባረኪ፣ እኔ ሥልጠና ስወስድ ስለ ቡናችን ያነሳ ሰው አልነበረም። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ ግን ትንሿን ፍም ወደ እሳት ይቀይራል። ነጠላዋና ብርድ ልብሷ ውስጥም ይገባል። ስለዚህ እሷ ባለችበት ክፍል ከሰል፣ እጣን፣ ጧፍ የለም። ቡናውን ሌላ ክፍል አፍልተሽ አምጪላት። ሽታው ይድረሳት። ቫዝሊንም ከፊቷና ከአፍንጫዋ አርቂ፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ከንፈሯ ከደረቀ ውኃ ያለበት ቅባት ይሻላል። ቱቦው መሄጃ ላይ እንዳይጠልፋትም ተጠንቀቂ።

ወንድ ነኝ፣ የምረዳቸው አባት ኢንሱሊን ውጋኝ ይሉኛል።

ሕክምናቸውን የምትከታተለው ነርስ በሕጉ መሠረት አሠልጥና በጽሑፍ ካልወከለችህ እጅህን አታስገባ። ሰዓቱን ማስታወስና መድኃኒቱን ማቀበል ትችላለህ። ጾም ከያዙ ደግሞ ለነርሷ ቶሎ ንገራት። ሳይበሉ የሚወጉት ኢንሱሊን ስኳራቸውን አውርዶ ሊጥላቸው ይችላል። የእግር ጥፍራቸውንም አንተ አትቁረጥ፤ የስኳር ሕመምተኛ ቁስል በቀላሉ አይድንም።

ሲወድቁብኝ እንዴት ላንሳቸው?

አታንሺ። እኔ በሁለተኛው ዓመቴ አንድ አባትን ብቻዬን ላነሳ ስል ወገቤ ተቀጨ፤ እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ይሰማኛል። መውደቅ ሲጀምሩ ጎትተሽ ለማስቀረት አትሞክሪ፤ ተጠግተሽ ደግፈሽ ቀስ ብለው እንዲወርዱ አድርጊ። ከወደቁ በኋላ የት እንዳመማቸው ጠይቂ። ጭንቅላታቸውን ከመቱ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ወይም ተነስተው መቆም ካልቻሉ 911 ደውይ። ቢነሱም ለኤጀንሲሽ አሳውቂ፣ ጻፊው።

የልጃቸው ልጅ የባንክ ካርዳቸውን እየወሰደ ይመስለኛል። ቤተሰብ ውስጥ መግባት ነውር አይሆንብኝም?

ይገባኛል፣ እኔንም አንዴ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል። ግን በዚህ ግዛት እኛ የማሳወቅ ግዴታ አለብን፤ የሚደወለውም ለአዋቂዎች ጥበቃ መሥሪያ ቤት (Adult Protective Services) ነው፤ አረጋውያንንና ራሳቸውን መጠበቅ የማይችሉ አዋቂዎችን ከበደል የሚጠብቀው እሱ ነው። ለኤጀንሲ አለቃሽ መንገርሽ ብቻ ይህን አይተካም። ማስረጃ መሰብሰብም፣ ልጁን መጠየቅም ያንቺ ሥራ አይደለም። ያየሽውን፣ የሰማሽውን፣ ቀኑን ጻፊና ዛሬውኑ ደውይ።