ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልግባ ወይስ በኪራይ ልቆይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እናትሽ በ2005 ተመዝግበው ሲቆጥቡለት የኖሩት የ20/80 ቤት (20 በመቶው በቁጠባ፣ 80 በመቶው በባንክ ብድር የሚከፈል) ዕጣ ወጥቶላቸው ቁልፍ ተረክባችኋል። የሰፈሩ ውኃ በፈረቃ፣ መንገዱም ጭቃ መሆኑን ሰምተሽ፣ እናቴንና ልጆቼን ይዤ ልግባ ወይስ መሠረተ ልማቱ እስኪሟላ መገናኛ አካባቢ በኪራይ ልቆይ ብለሻል። አያይዘሽም መንግሥት ቤቱን ከሠራ በኋላ ሌላውን ለምን ይረሳዋል ስትይ ጠይቀሻል። እኔ በአዲስ አበባ ዳርቻ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሳይቶች በአንዱ ዓመታት ኖሬያለሁ፤ በብሎካችን ማኅበር ኮሚቴም ውስጥ ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁለተኛው ጥያቄ ልነሣ፤ የመጀመሪያው መልስ የሚወጣው ከእርሱ ነው። የዳር ሰፈር ችግር በተነሣ ቁጥር የሚሰጠን ምክንያት ከተማው ከአቅም በላይ በፍጥነት አደገ የሚል ነው። ይህ ምክንያት ማንም ሳያውቀው ለተቆረቆረ መንደር ይሠራ ይሆናል። ለኮዬ ፈጬ፣ ለቱሉ ዲምቱ፣ ለየካ አባዶ፣ ለቦሌ አራብሳ ግን አይሠራም። መሬቱን ከገበሬው የወሰደው፣ ንድፉን ያወጣው፣ በየብሎኩ ስንት አባወራ እንደሚገባ የቆጠረው መንግሥት ራሱ ነው። በ1997 ከ450 ሺህ በላይ፣ በ2005 ደግሞ ከ900 ሺህ በላይ ቤት ፈላጊ የመዘገበውም እርሱ ነው። ሰው እንደሚመጣ ከማንም ቀድሞ ያወቀ አካል፣ ሰው በዛብኝ ብሎ ሊያመካኝ አይገባም።

ችግሩ ያለው በሥራው አከፋፈል ነው። ቤቱን የሚገነባው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ውኃና ፍሳሹ የሌላው፣ መንገዱ የሌላው ኃላፊነት ነው። መብራቱማ ጭራሽ በፌዴራል ተቋም እጅ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ዕቅድና የራሱ በጀት አለው፤ ይህ ሰፈር መቼ ለኑሮ ይመቻል የሚለው ጥያቄ ግን የማንም ዕቅድ ውስጥ የለም። የገንቢው ሥራ የሚለካው ባስተላለፈው ቤት ብዛት ነው። የዕጣው ቀን በቴሌቪዥን ይታያል፣ ቁጥሩ ለሪፖርት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የነዋሪው ነው። ከባንክ ጋር የተፈራረማችሁት የብድር ክፍያ ደግሞ ውኃ ገባ አልገባ ብሎ አይጠብቅም። ለዚህ ነው ብዙ ቤተሰብ የባንኩንም የአከራዩንም ወርኃዊ ክፍያ ተሸክሞ የሚኖረው። አንቺም አሁን ያለሽው እዚያው ላይ ነው።

ውኃው እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ፤ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነውና። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። ያለው ለሁሉ ስለማይበቃ በፈረቃ ይታደላል፤ በመስመሩ ጫፍ ላለ ሰፈር ደግሞ ፈረቃው ደርሶም ግፊቱ ይደክማል። በእኛ ብሎክ ውኃ የሚመጣው በሌሊት ነበር። መጀመሪያ ቧንቧው አየር እየገፋ ያጉረመርማል፤ ያንን የሰማ ጎረቤት በር እያንኳኳ ሌላውን ይቀሰቅሳል። ምድር ላይ ያለው በርሜሉን ይሞላል። አራተኛ ፎቅ ድረስ ግን አይወጣም። እዚያ የሚኖሩ አንዲት እናት ጀሪካናቸውን ይዘው ይወርዱና ከታች ቀድተው፣ በየፎቁ ደረጃ ላይ እያሳረፉት፣ ግድግዳውን ተደግፈው ይወጡ ነበር። ጉልበታቸው የታመመ ነው፤ ሊፍት የለም። ያን ሕንፃ የነደፈው ሰው ውኃ ስንተኛ ፎቅ እንደሚደርስ ማስላት ይችል ነበር።

በመጨረሻ መዋጮ አሰባስበን ሮቶና ፓምፕ ገዛን። አሁን አራተኛ ፎቅም ውኃ ያገኛል። የሚያናድደኝ ግን፣ ነዋሪው በገዛ ኪሱ ያሟላው ነገር አገልግሎቱ እንደተሟላ ተደርጎ መቆጠሩ ነው። ሌላውም እንደዚሁ ነው። ወደ ዳር ሰፈር ቀድሞ የሚደርሰው ሱቁ፣ ፋርማሲው፣ የግል ትምህርት ቤቱና ባጃጁ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ከኋላ ይከተላሉ፤ ለግሉ መክፈል የማይችለው ቤተሰብም እስከዚያው ይጠብቃል። መሬታቸው ለሳይቱ የተወሰደባቸውን ገበሬዎች ደግሞ አንርሳ። ከእኛ ሕንፃ አጥር ባሻገር ያሉት ጎረቤቶቻችን በእርሻቸው ላይ የተዘረጋው ቧንቧ ወደ ራሳቸው ግቢ ሳይገባ ዓመታት አልፈዋል።

አቅም የለም የሚለውንም አልቀበልም። ከ2016 ጀምሮ በመሃል ከተማ የተሠራውን የኮሪደር ልማት ሁላችንም አይተናል። ቀንና ሌሊት እየተሠራ የእግረኛ መንገዱ፣ መብራቱ፣ የተቀበረው መስመር በወራት ተጠናቋል። ከካዛንቺስ የተነሡ ነዋሪዎች ደግሞ በከተማዋ ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ሄደዋል። መሃሉን በወራት መሥራት የቻለ አስተዳደር ለዳሩ ዓመታት የሚያስፈልጉት ዳሩ ቅድሚያ ስላልተሰጠው ነው።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ቅዳሜና እሑድ ብቻ አይተሽ አትወስኚ፤ ሰፈሩ ያን ቀን ሁሉ የተሟላለት ነው የሚመስለው። በሥራ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የታክሲውን ሰልፍ እዪ፤ ማታም 1 ሰዓት ላይ ከመገናኛ ተሰልፈሽ ሞክሪው። ስለ ውኃ የምትጠይቂው ምድር ላይ ያለውን ሳይሆን እንደ እናትሽ ቤት ባለ ፎቅ ላይ የሚኖረውን ሰው ነው። መብራቱ በራሱ ትራንስፎርመር ነው ወይስ ከግንባታ የተረፈ ጊዜያዊ መስመር ነው? የፍሳሽ ጉድጓዱስ ባለፈው ክረምት ሞልቶ ነበር? ይህን የጥበቃ ሠራተኛው ከማንም በላይ ያውቀዋል። እናትሽ መድኃኒት የሚከታተሉ ከሆነ ሌሊት የሚሠራ ጤና ጣቢያ የት እንዳለ፣ አምቡላንስስ በዝናብ እስከ ብሎኩ በር ይገባ እንደሆነ አጣሪ።

ከገባሽ ደግሞ ብቻሽን አትሩጪ። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲመሠረት ይደነግጋል፤ ማኅበራችሁ ከሌለ መሥርቱ። በቃል የተነገረ አቤቱታ የትም አይደርስም። በማኅበሩ ማኅተም ጻፉ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ቀኑና ቁጥሩ ያለበትን ቅጂ ያዙ። እኛ ለውስጥ ለውስጥ መንገዳችን በየዓመቱ መስከረም ላይ እየጻፍን፣ በየዓመቱ በጀት የለም የሚል መልስ ስንቀበል ኖረናል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚጀምርና ጥያቄው ዕቅዱ ከመዘጋቱ በፊት፣ በመጋቢት ግድም መግባት እንዳለበት የነገረን አንድ መሐንዲስ ጎረቤታችን ነው፤ ደብዳቤያችንን ሲቀበለን የኖረው ቢሮ አንድም ቀን አልነገረንም። ጊዜውን ጠብቀን፣ ከአጎራባች ብሎኮች ጋር አንድ ላይ ስንጽፍ የዋናው መግቢያ ኮብልስቶን ተሠራልን። የቀረው አሁንም ጭቃ ነው።

እንደ እኔ፣ ቤቱ ምድር ላይ ወይም አንደኛ ፎቅ ከሆነና ልጆችሽ በአቅራቢያ ትምህርት ቤት ቦታ ካገኙ ግቡ፤ ሁለት ክፍያ ከመሸከም ይሻላል። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ከሆነ ግን ከጎረቤቶች ጋር ሮቶና ፓምፑን ሳታስተካክሉ እናትሽን ይዘሽ አትግቢ። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ ጻፊልን፤ በዚያው ሳይት የሚኖሩ የዚህ መድረክ አባላት ስላሉ ምዝገባ ያልሞላበትን ትምህርት ቤት ይጠቁሙሻል።