ልጁ ኤልሳትን አሁን ይፈተን ወይስ አኮሞዴሽኑ እስኪፈቀድለት ይጠብቅ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ ነው። የ23 ዓመት ልጄ ለሕግ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገውን ኤልሳት ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ያሰበውን ነጥብ አላገኘም። ትምህርቱ አያቅተውም፤ ሰዓቱ ነው የሚያልቅበት። ዘንድሮ ሐኪም ኤዲኤችዲ፣ የትኩረት ማነስ ችግር፣ እንዳለበት ነግሮታል። ለሚቀጥለው ፈተና ተመዝግቧል፤ የአኮሞዴሽን (በፈተና ላይ የሚደረግ ማመቻቸት፣ ለእሱ ተጨማሪ ሰዓት) ጥያቄውን ግን ገና ማስገባቱ ነው። በልጅነቱም መምህራን አንዳንዴ ይጠሩን ነበር፤ ጎበዝ ስለነበር ብዙም አልተጨነቅንም። ይፈተን ወይስ ይጠብቅ? ቢከለክሉትስ መክሰስ ይቻላል?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ውሳኔው በጽሑፍ እጁ ሳይገባ አይፈተን። ቀኑን ያዛውር።

ደብዳቤዎን ሳነብ ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። «መምህራን አንዳንዴ ይጠሩን ነበር» ብለው አልፈውታል። ለምን እንደጠሩዎት፣ ልጁ ያኔ ስንተኛ ክፍል እንደነበረ፣ እንዲፈርሙ ወረቀት ሰጥተዎት እንደሆነ አልነገሩኝም። እዚህ አገር ትምህርት ቤት ወላጅን ደጋግሞ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ወረቀት ይቀራል፤ የመምህር አስተያየት፣ ልጁ ይመርመር የሚል ሐሳብ፣ የወላጅ ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ «በልጄ ላይ ስም አይለጠፍበት» ብለው ቅጹን ሳይፈርሙ መልሰዋል። እርስዎም እንዲህ አድርገው ከሆነ አይፈሩ፤ ነገር ግን ይህን ከጠበቃ መደበቅ አይገባዎትም ነበር። ያ ያልተፈረመ ወረቀት ዛሬ ከሐኪሙ ደብዳቤ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኤዲኤችዲ በአዋቂነት ሲታወቅ እንኳ፣ በሙያው መስፈርት መሠረት ከምልክቶቹ በርካታዎቹ ከ12 ዓመት በፊት ታይተው መሆን አለባቸው። በ23 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያውም ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ነጥብ ካነሰው በኋላ የመጣ ምርመራ የአኮሞዴሽን ጥያቄውን የሚያየውን ገምጋሚ ያጠራጥራል። የሦስተኛ ክፍል መምህሩ «ሥራውን ያውቃል፣ ግን አይጨርስም» ብላ በሪፖርት ካርዱ ላይ ጽፋ ከሆነ ጥርጣሬው በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ የድሮ ሪፖርት ካርዶችን፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤዎችን፣ የሕፃናት ሐኪሙን መዝገብ ዛሬውኑ መፈለግ ይጀምሩ። ምንም አይጣሉ።

መዝገቡን ከትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ግን ልጅዎ ራሱ ነው። 18 ዓመት ከሞላው ጀምሮ በፌዴራሉ የትምህርት መዝገብ ሕግ፣ በፈርፓ፣ መብቱ ወደ እሱ ተላልፏል። በጽሑፍ ሲጠይቅ ትምህርት ቤቱ በ45 ቀናት ውስጥ መዝገቡን ሊያሳየው ይገባል። የልዩ ትምህርት መዝገቦች ጊዜያቸው ሲያልፍ ሊወገዱ ስለሚችሉ አይዘግይ። ደግሞስ ይህን ደብዳቤ መጻፍዎን ልጅዎ ያውቃል? ማመልከቻው የእሱ፣ ፊርማው የእሱ፣ ሕመሙም የእሱ ነው። ሳይነግሩት የሚሠሩለት ሥራ ሁሉ እዚህ ላይ ይቆማል።

ሌላም ያልተነገረኝ አለ፤ ልጁ በስንት ዓመቱ ነው ወደ አሜሪካ የመጣው? እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑ በሕግ የአካል ጉዳት አይደለም፤ ተጨማሪ ሰዓትም አያሰጥም። በአማርኛ ፊደል የቆጠረ ልጅ ሲመረመር ባለሙያው የቋንቋ ታሪኩን ጠይቆ፣ የንባብ ዝግታው ከቋንቋ ይሁን ከትኩረት ማነስ ለይቶ በሪፖርቱ ካላሰፈረ፣ ገምጋሚው ክፍተቱን በራሱ ግምት ይሞላዋል። ይህን ለመርማሪው በግልጽ ይንገረው።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርዎት። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ኤዲኤ፣ የመግቢያ ፈተና የሚሰጥ ድርጅት ፈተናው የተፈታኙን ችሎታ እንጂ ጉዳቱን እንዳይለካ እንዲያመቻች ያስገድዳል። የሚጠየቀው ማስረጃ ምክንያታዊና ለጉዳዩ በሚያስፈልገው ልክ ብቻ መሆን አለበት፤ ቀደም ሲል በተመሳሳይ ፈተና፣ በአይኢፒ ወይም በ504 ዕቅድ (ትምህርት ቤት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ በሚያወጣቸው የድጋፍ ዕቅዶች) የተሰጠ ማመቻቸት ትልቅ ክብደት ይሰጠዋል። የ2008 ማሻሻያ «ጉዳት» የሚለውን በሰፊው እንዲተረጎም አድርጓል። ጎበዝ ተማሪ መሆን ብቻውን መብቱን አያሳጣም። ቀደም ሲል አኮሞዴሽን አለመጠየቅም እንዲሁ።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ሰዎች ጥያቄያቸው ሳይወሰን ቀኑ ሲደርስ «ለማንኛውም ልሞክረው፣ ከፍዬበታለሁ» ብለው ይገባሉ። በዚህ አንድ ውሳኔ ብዙ ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ኤልሳት የሙከራ ቁጥሩ የተገደበ ነው፤ ውጤት ለሕግ ትምህርት ቤቶች በሚላክበት ዘመን ውስጥ 5 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ ብቻ። ልጅዎ ሁለቱን ተጠቅሟል። ሦስተኛውን ያለ ማመቻቸት ካባከነ በዘመኑ የሚቀሩት ሁለት ናቸው። «ካልሆነ ውጤቱን አሰርዘዋለሁ» ማለትም አያድንም፤ የተሰረዘም ቢሆን ከገደቡ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ማመቻቸት ወደ ኋላ አይሠራም። ከወር በኋላ ቢፈቀድለት እንኳ ያለፈው ነጥብ አይስተካከልም፤ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ ለትምህርት ቤቱ ይታያል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከፍተኛውን ነጥብ ቢያዩም ሦስት የወረደ ነጥብ ካለ ማብራሪያ መጻፍ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ማብራሪያው ደግሞ ሊገልጠው ያልፈለገውን ሕመም ያስወራዋል። ሦስተኛ፣ በከፊል ቢፈቀድለትም ያው ነው። 50 በመቶ ተጨማሪ ሰዓት ጠይቆ እረፍት ብቻ ቢሰጠው፣ ተፈትኖ ከወጣ በኋላ ለዚያ ቀን ይግባኝ ማለት ምንም አይፈይድም።

ስለ ልምምዱም አንድ ነገር ላንሳ። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ፈተናው አራት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ፣ ሦስቱ የሚታረሙ። 50 በመቶ ሲጨመር ክፍሉ ወደ 53 ደቂቃ ይሆናል፤ የ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሥራ ከእረፍቱ ውጭ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል ማለት ነው። ትኩረቱ ለሚበተን ሰው ይህ ራሱ ፈተና ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ቆሞ የሚወሰድ እረፍትም ያስፈልገው እንደሆነ ከባለሙያው ጋር ይነጋገር፤ በተፈቀደለት ሰዓት ሳይለማመድም አይግባ።

የሐኪሙን ደብዳቤ አላየሁትም። «ኤዲኤችዲ አለበት፣ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠው» የሚል ሁለት መስመር ከሆነ አያስገባው። የሚያስፈልገው በምን መመዘኛ፣ መቼ እንደተመረመረ፣ ምልክቱ ከልጅነት እንዴት እንደመጣ፣ በሰዓት የተገደበ ንባብ ላይ ምን እንደሚያደርገው፣ የተጠየቀው ማመቻቸት ያንን እንዴት እንደሚያቃልል የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። ኤልሳክ፣ የፈተናው አዘጋጅ፣ ባለሙያው የሚሞላው ቅጽ አለው፤ ክፍት ቦታ አይተዉበት። ሙሉ የሥነ ልቦና ምርመራ ውድ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ማሠልጠኛ ክሊኒኮች በቅናሽ የሚሠሩበት ጊዜ ስላለ ይጠይቁ። በኮሌጅ፣ ወይም በኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎቹ በኤስኤቲ ወይም በኤሲቲ ተጨማሪ ሰዓት ተሰጥቶት ያውቅ ነበር? መምህር በኢሜይል «ጨርሰህ አምጣ» ያለው እንኳ ካለ ያትመው።

ቀኑን የሚወስነው እንግዲህ ሰነዱ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻውን ሊያስገባ ካሰበበት ወር ወደ ኋላ ይቁጠር፤ ውጤት ለመውጣት ሦስት ሳምንት ገደማ፣ የምዝገባና የአኮሞዴሽን መዝጊያው ከፈተናው ከአንድ ወር በላይ ቀደም ይላል፣ ለድሮ ትምህርት ቤቱ መዝገብ እስከ 45 ቀናት፣ ለምርመራ ቀጠሮ ደግሞ ሳምንታት ወይም ወራት። ለይግባኝም ቦታ ይተው። ይህ አንድ ወይም ሁለት ዙር ሊያሳልፈው ይችላል። ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ቀድሞ ለመጣው ቀድመው ስለሚወስኑ፣ መጋቢት ላይ ተቻኩሎ ከማመልከት በሚቀጥለው መስከረም ተዘጋጅቶ መግባት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ማዛወሪያው ክፍያ ካለው ይክፈለው። ዝም ብሎ ግን አይቅር፤ በጊዜው ያዛውር።

ስሙ ይጎድፋል ብለው ከሰጉ፣ ድሮ ኤልሳክ በተጨማሪ ሰዓት የተገኘን ነጥብ ለይቶ ምልክት ያደርግበት ነበር። በ2014 ከካሊፎርኒያ መንግሥት አካልና ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በፍርድ ቤት በተደረሰ ስምምነት 7.73 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ይህን አቁሟል።

ስለ መክሰሱ፦ ቢከለከል መጀመሪያ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ ለውስጥ ይግባኝ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ ደብዳቤው በደረሰበት ቀን ወደ ጠበቃ ይሂድ። ለፍትሕ ሚኒስቴር አቤቱታ ማቅረብም ሆነ ክስ መመሥረት ይቻላል፤ ነገር ግን በግል በሚመሠረት የኤዲኤ ክስ ከፈተና ሰጪ ድርጅት የሚገኘው ትእዛዝና የጠበቃ ወጪ እንጂ የገንዘብ ካሳ አይደለም። የክፍለ ሀገሩ ሕግ ሊጨምር ይችላል። ይህ መልስ በደብዳቤዎ ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው፤ ሰነዶቹን ያየ ጠበቃ ሌላ ሊል ይችላል። ልጅዎ ሲሄድ የሁለቱን ፈተናዎች ውጤት፣ ለኤልሳክ ያስገባውን ቅጽ ቅጂ፣ የሐኪሙን ደብዳቤ፣ የድሮ ሪፖርት ካርዶችንና እርስዎ ያልፈረሙበትን ወረቀት፣ ከተገኘ፣ ይዞ ይሂድ።