የአዳማ አየር፣ የማደያው ቤንዚን እና ባለተርቦው ሞተር

የመኪና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራ ዳትሰን 240ዜድ አለኝ። ቦዲውና ሻንሲው ጤነኛ ነው፤ ሞተሩ ግን ዘይት ይበላል፤ ለኦሪጅናሉ ኤል24 ሞተር ፒስተንና ፋሻ ፈልጌ አጥቻለሁ። ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ከኒሳን ሲልቪያ ኤስ13 የወጣ ኤስአር20ዲኢቲ ሞተር ከነካምቢዮው ላመጣልህ እችላለሁ ብሎኛል። እዚህ አዳማ ሊገጠም ይችላል ወይ? ምን ምን አብሮ መምጣት አለበት? «ተርቦውን 1 ባር ላይ አድርገህ ንዳው» የሚሉኝም አሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ደ. ት.፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይገጠማል፤ ምርጫዎም ደህና ነው። 240ዜድ በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈ መኪና ስለሆነ፣ ጤነኛ ቦዲ ከያዙ ቢደክሙለት አያስቆጭም። ኤስአር20ዲኢቲ 1,998 ሲሲ፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ብሎኩ አሉሚኒየም፣ ታይሚንጉ በሰንሰለት የሚሠራ ሞተር ነው። በሲልቪያ ላይ የተገጠመው በቁመቱ በመሆኑ ካምቢዮው ከኋላው ተያይዞ ይመጣል፤ የእርስዎም መኪና የሚገፋው በኋላ እግሩ ስለሆነ አቀማመጡ አይቀየርም። ከባለ 6 ሲሊንደሩ የብረት ሞተር አጭርና ቀላል ነውና ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይቀመጣል፤ የመኪናው አፍንጫም ይቀላል።

ከሁሉ አስቀድመን የ1 ባሩን ነገር እናንሣ፤ ሞተር የሚያስበላው እሱ ነውና። የኤስ13 ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ በ0.5 ባር ገደማ የተርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ) ግፊት 205 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ይህ የተለካው በባሕር ወለል ላይ፣ የአየሩ ግፊት 1.01 ባር በሆነበት ቦታ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 0.83 ባር አካባቢ ነው። የዌስትጌቱ (የተርቦውን ግፊት የሚገድበው ቫልቭ) ሞላ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ያው 0.5 ባር እዚህ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ጠቅላላ ግፊት 1.33 ባር ነው፤ በባሕር ወለል ግን 1.51 ይሆን ነበር። ስለዚህ 12 በመቶ ያህል ጉልበት ይጎድላል። ተርቦ የሌለው ሞተር ግን እዚሁ 17 ወይም 18 በመቶ ያጣልና አሁንም የተሻለው ባለተርቦው ነው።

ጉድለቱን ለመሙላት ግፊቱን ወደ 0.65 ወይም 0.7 ማሳደግ በሒሳብ ያስኬዳል። 1 ባር ግን ሌላ ነገር ነው። የዚህ ሞተር ቲ25 ተርቦ አዳማ ላይ 1 ባር ለመስጠት አየሩን 2.2 ጊዜ ማመቅ ይኖርበታል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፦ በ30 ዲግሪ ቀን 0.5 ባር ላይ ከተርቦው የሚወጣው አየር 90 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ 1 ባር ላይ ወደ 145 ይጠጋል። በዚህ ላይ ቤንዚኑን ይጨምሩበት። የጃፓኑ ኢሲዩ (ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) የተስተካከለው 98 እስከ 100 ኦክቴን (ቤንዚኑ ማንኳኳትን የሚቋቋምበት ልክ) ለሚደርስ ፕሪሚየም ቤንዚን ነው፤ ከማደያችን የሚቀዳው መደበኛው ነው። የጋለ አየርና ዝቅተኛ ኦክቴን ሲገናኙ ቤንዚኑ ካንዴላው ሳይለኩሰው በራሱ ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ቀጥሎ በፋሻዎቹ መካከል ያለው የፒስተን ግድግዳ ይሰበራል። በተርቦው ጩኸት መካከል ማንኳኳቱ በጆሮ ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ የእኛ ምክር 0.5፣ ከፍ ካለ 0.6 ባር ነው። የኖክ ሴንሰሩ (ማንኳኳቱን የሚሰማው) የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የካንዴላውን መነሻ ታይሚንግ በታይሚንግ መብራት ለክተው 15 ዲግሪ ላይ ያስሩ፤ ከዚያ በላይ አያስቀድሙት። የካንዴላ ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። አንድ ቶን ገደማ ለሚመዝን መኪና ይህ ጉልበት ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ግዢው። ሞተሩና ካምቢዮው ብቻቸውን ቢመጡ ግማሽ ዕቃ ገዙ ማለት ነው። ሙሉው የሞተር ሽቦ ሳይቆረጥ፣ ኢሲዩው፣ የአየር መለኪያው፣ 4ቱ ኮይሎችና ኢግናይተሩ፣ የኦክስጅን ሴንሰሩ፣ ኢንተርኩለሩ (ከተርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) እና የካምቢዮው የኋላ ሹካ አብረው ይምጡ። የአየር መለኪያው ከጎደለ ሞተሩ በወጉ አይሠራም፤ ለብቻው ፍለጋ መውጣትም አድካሚ ነው። የኮምፕሬሽን ልኬት ይጠይቁ፤ ሲለኩት ግን ከፍታውን አይርሱ። ዱባይ ላይ 11.8 ባር ያሳየ ጤነኛ ሲሊንደር አዳማ ላይ 9.7 ገደማ ነው የሚያሳየው። ብዙ ደህና ሞተር በዚህ ምክንያት «ደክሟል» ተብሎ በከንቱ ይፈታል። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር አይብለጥ።

ሲገጥሙ ባዶ ብሎክና ባዶ የካምቢዮ ቤት አስቀምጠው ይለኩ፤ ሙሉ ሞተር ተሸክሞ መለካት ስሕተት ይወልዳል። ሱፖርቱ ከመበየዱ በፊት ሦስት ነገር ይታይ፦ ካርተሩ (የሞተሩ የዘይት ገንዳ) ከፊት መስቀለኛው ብረትና ከመሪው ዘንግ ጋር እንዳይነካካ፣ ከተርቦው የሚወርደው የጭስ ቱቦ ከመሪ ዘንጉና ከፍሬን ቱቦዎች ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ (በመሐል የቆርቆሮ መከለያ ይግባ)፣ የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ደግሞ ትይዩ እንዲሆኑ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ዲግሪ ካለፈ በ80 እና በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ይህንን የትኛውም ባላንስ አያድነውም። ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ የፊቱ ከኤስአር፣ የኋላው ከ240ዜድ ሆኖ ቶርኖ ቤት ይቀጠላል፤ ከፊት ለመንሸራተቻ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ይተዉለትና ያለ ባላንስ አያስገጥሙት።

ነዳጁ ላይ አይቸኩሉ። የ50 ዓመት ታንክ ውስጡ ዝገት ነው፤ ካርቡራተር የሚችለውን ቆሻሻ ኢንጀክተር አይችለውም። ታንኩን አውርደው ያሳጥቡ። ታንኩ ለኢንጀክሽን የተሠራ ስላልሆነ፣ ከግማሽ በታች ሲሆን ኩርባ ላይ ፖምፓው አየር ይስባል፤ በተርቦ ግፊት ጊዜ ለአንድ አፍታ እንኳ ቤንዚን ቢቋረጥ ፒስተን ይቀልጣል። ስለዚህ አነስተኛ ግፊት ያላት ፖምፓ 2 ሊትር የምትይዝ መካከለኛ ዕቃ ትሙላ፤ ከዚያች ዕቃ በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋው ዋናው ፖምፓ ይሳብ፤ ትርፉ ወደ ዕቃዋ፣ የእሷም ትርፍ ወደ ታንኩ ይመለስ። ወደ ሞተር የሚሄደው ቱቦ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ጎማው ደግሞ ለኢንጀክሽን የተሠራው ብቻ። የካርቡራተር ጎማ 3 ባር ይዞ ብዙ አይቆይም፤ የሚፈነዳውም ከጋለው ተርቦ አጠገብ ነው።

ሙቀትን በተመለከተ ወፍራም የአሉሚኒየም ራዲያተር፣ በሪሌ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማራገቢያና ዙሪያውን የዘጋ መከለያ ያስፈልጋል። በአዳማ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነውና የራዲያተሩን ክዳን እንደ ተራ ነገር አይዩት፤ 0.9 ባር የሚይዝ አዲስ ክዳን ያስገቡና ግማሽ በግማሽ ኩላንት ይሙሉ። ወደ መተሐራ ሲወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ አዳማ ላይ ደህና የነበረ ራዲያተር ፈተናው እዚያ ነው።

በኤሌክትሪኩ በኩል፣ የ240ዜድ ጅረት በሙሉ በዳሽቦርዱ አምፔር መለኪያ ውስጥ ያልፋል። ፖምፓና ማራገቢያ ሲጨመርበት ይግላል፤ ስለዚህ ያንን መስመር አልፈው ከዲናሞ ወደ ባትሪ በፊውዝ የተጠበቀ ወፍራም ሽቦ ይሳቡ። የዙር መለኪያውም ለ6 ሲሊንደር የተሠራ ነው፤ ምልክቱ እንዳለ ቢሰጠው 6,000 ዙር ሲሆን 4,000 ብሎ ያሳያል። ኤስአር ሞተር ከልክ በላይ ሲዞር ሮከሮቹን ይጥላልና ሳይስተካከል መኪናው ከጋራዥ አይውጣ።

ፍሬን ላይ መልካም ዜና አለን። ከ1979 እስከ 1985 የተሠራው፣ በ4ቱም እግሩ የሚገፋው የቶዮታ ሂሉክስ የፊት ካሊፐር፣ 4 ፒስተን ያለው፣ በ240ዜድ ላይ በራሱ ቡሎን ይገጥማል። ኦሪጅናሉን ዲስክ ይቀበላል፤ የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮውን መቁረጥ ብቻ ይጠይቃል። የሂሉክስ ዕቃ በአገራችን ጠፍቶ አያውቅም። ይህ ከሞተሩ በፊት ይሠራ፤ ልመናችን ነው።

በመጨረሻም የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ተጽፏል። አሮጌውን ከማውረድዎ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ቀርበው የሚጠየቀውን ማስረጃ ይወቁ፤ የሞተሩን የጉምሩክ ወረቀትም በእጅዎ ይያዙ። ኋላ ለቦሎ ሲሄዱ ቁጥሩ ካልተገናኘ ችግሩ የእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌ ሴሊካዬ ላይ ከሴሊካ ጂቲ-ፎር የወጣ 3ኤስ-ጂቲኢ ሞተር አስገጥሜያለሁ። ስነዳው ደህና ነው፤ መብራት ላይ ወይም ወረፋ ይዤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ከቆምኩ ግን ሰማያዊ ጭስ ይሞላል። ተርቦውን አስቀይሬ ያው ሆነ። (ሰ. ብ.፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሌላ ተርቦ አይግዙ። 3ኤስ-ጂቲኢ በጂቲ-ፎር ላይ በጎኑ የተኛ ሞተር ነው። በእርስዎ መኪና በቁመት ሲገባ ካርተሩ ይቀየራል፤ ከተርቦው ዘይት የሚመልሰው ቱቦም አዲስ መንገድ ይያዝለታል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከተርቦው የሚወጣው ዘይት አረፋ ሆኖ በክብደቱ ብቻ የሚወርድ ስለሆነ፣ ቱቦው አግድም ከተኛ፣ ከረገበ ወይም ካርተሩ ውስጥ ከዘይቱ ወለል በታች ከገባ ተመልሶ ይጠራቀምና በተርቦው ማኅተም አልፎ ወደ ጭስ ማውጫው ይገባል። ቆሞ ሲሠራ የሚብሰውም በተርቦው በሁለቱም በኩል ገፍቶ የሚመልሰው ግፊት ስለሌለ ነው።

ቱቦው ውስጡ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ከላይ እስከ ታች ቁልቁል ይውረድ፣ ካርተሩ ውስጥ ከዘይቱ ወለል በላይ ይግባ። የጓርኒሲዮን ሲሊኮን ቀዳዳውን አጥብቦት እንዳይሆን ፈተው ይዩ። ቀጥሎ የሞተሩን መተንፈሻ ይመርምሩ፦ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ በኃይል የሚነፍስ ከሆነ ወይ የመተንፈሻ ቫልቩ ተዘግቷል፣ ወይ ፋሻው ደክሟል። ሁለቱም ደህና ሆነው ጭሱ ከቀጠለ የቫልቭ ጎማዎቹን ያስቀይሩ።

ጥያቄ፦ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ፤ ባለካርቡራተር 4ኬ ሞተር ነው። ከናፍጣ ሂያስ የወረደ ተርቦ በርካሽ አግኝቻለሁ። ልግጠመው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይግጠሙት። የናፍጣ ሞተር ጭስ ከቤንዚን ጭስ በብዙ ይቀዘቅዛል፤ ተርቦው የተሠራው ለዚያ ሙቀት ነው፤ በቤንዚን ሞተር ላይ ቤቱ ይሰነጠቃል። የ4ኬ ኮምፕሬሽን 9 ለ 1 ገደማ ነው፤ ማንኳኳቱን የሚሰማ ሴንሰር የለውም፤ ካርቡራተሩም ግፊት ሲመጣ ቤንዚን የመጨመር መንገድ የለውም። ገንዘቡን ለካርቡራተር እድሳት፣ ለቫልቭ ማስተካከያና ለዲስትሪቢዩተር ያውሉት። በአዳማ ከፍታ የካርቡራተሩን ዋና ዤት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአንድ ደረጃ ማሳነስና ታይሚንጉን ሁለት ዲግሪ ማስቀደም ብቻውን ልዩነቱን ያሳይዎታል።