የብርሃን ሰይፉ ደምቆ እንዲበራ፦ ጥያቄና መልስ

ለልጆች የሚሆን የብርሃን ሰይፍ፣ ማለትም እጀታና የሚበራ ቱቦ ያለው መጫወቻ፣ በገዛ እጃችሁ ለመሥራት የተነሣችሁ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ ብዙ ጠይቃችኋል። እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ከአራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶችን በቱቦው ውስጥ ልደርድር ወይስ አንድ ትልቅ በእጀታው ላድርግ?

ለልጅ ከሆነ አንድ ትልቅ አድርግ፤ በዚህ ጥርጣሬ የለኝም። ሰይፍ መጋጨቱ አይቀርም፤ በቱቦው ውስጥ የተደረደረው ሲመታ ብየዳው ይላቀቃል። እጀታው ውስጥ የተቀመጠ ባለ 3 ዋት ኤልኢዲን ግን ምቱ አያገኘውም፤ ቱቦው ቢሰበር ሌላ መተካት ብቻ ነው። ከፊቱ ብርሃኑን ወደ 10 ዲግሪ የሚሰበስብ ሌንስ አድርግበት፤ አለዚያ ብርሃኑ እጀታው አጠገብ ያልቅና ጫፉ ይጨልማል። በጫፉ ክዳን ውስጥ የሚያብረቀርቅ ፎይል ለጥፍ፤ የቱቦውን ውስጥ ደግሞ በስስ ነጭ ፕላስቲክ ሸፍነው። የተደረደረው ከዳር እስከ ዳር እኩል እንደሚያበራ አልክድም፤ ነገር ግን ቀለም የሚቀያይረው ባለ 5 ቮልት ሪባን (ኤልኢዲዎች እንደ ነጥብ የተደረደሩበት ጥብጣብ) በእያንዳንዱ ነጥብ እስከ 60 ሚሊአምፔር ይወስዳል። በሜትር 144 ነጥብ ያለው በሙሉ ነጭ ሲበራ ከ8 አምፔር በላይ ይጠይቃል፤ ይህን ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ አይችለውም።

ከፒያሳ፦ በሁለት የባትሪ ድንጋይ ቀዩ ሲበራ ሰማያዊው እምቢ ያለው ለምንድን ነው?

ሰማያዊ ብርሃን ከቀይ የበለጠ ጉልበት የተሸከመ ስለሆነ፣ እሱን ለማውጣት ኤልኢዲው ከፍ ያለ ቮልት ይሻል። ቀዩ በ2 ቮልት ገደማ ይበራል፤ ሰማያዊው፣ ነጩና ብዙውን ጊዜ አረንጓዴው ከ3 እስከ 3.4 ይፈልጋሉ። ሁለት ድንጋይ አዲስ ሳለ እንኳ 3 ቮልት ነው። ሦስት አድርጊ፤ 4.5 ይሆንልሻል። የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድበውን ሬዚስተር ግን እንዳትተዪው።

እሷው፦ የስንት ኦም ሬዚስተር?

ከድንጋዩ ቮልት የኤልኢዲውን ቀንሺ፤ የቀረውን ለምትፈልጊው አምፔር አካፍዪ። ለቀዩ 4.5 ሲቀነስ 2.2፣ 2.3 ይቀራል፤ ለ0.35 አምፔር ሲካፈል 6.6 ኦም ገደማ ነው። በገበያ የምታገኚው ቅርቡ 6.8 ነው። ለሰማያዊው 3.9 ይበቃል። ብዙዎች የሚረሱት የሬዚስተሩን ዋት ነው፦ በቀዩ ላይ ያለው ከ0.8 ዋት በላይ ሙቀት ስለሚያወጣ፣ ሩብ ዋት የሆነችው ትንሿ ሬዚስተር ትቃጠላለች። ባለ 2 ዋት ግዢ።

ከካዛንቺስ፣ አንዲት እናት፦ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሊቲየም ባትሪ ብንጠቀምስ?

እመቤቴ፣ ለልጅዎ አይስጡት። አንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ያለው ጉልበተኛ ባትሪ ነው፤ ነገር ግን ከላፕቶፑ ሲፈታ መከላከያ ሰርኪዩቱ አብሮት አይወጣም። ሽቦው ቢነካካ ወይም ሰይፉ ወድቆ ባትሪው ቢጨፈለቅ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አዋቂ የሚይዘው ከሆነ፣ መከላከያ ያለው አዲስ ባትሪ ይገዛ፤ በትክክለኛው ቻርጀር፣ ሰው እያየው ይሞላ። ለልጅ ሦስት ተራ ድንጋይ በቂ ነው፤ ድምቀቱ ቢያንስ እንኳ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ከሜክሲኮ፦ ሲበራ ደማቅ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ይደክማል።

ድንጋዩ አዲስ ከሆነ ጥፋቱ የሙቀት ነው። ኤልኢዲ ሙቀቱን የሚያወጣው ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው ነው፤ ጀርባው በፕላስቲክ እጀታ ከታፈነ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በወፍራም አሉሚኒየም ላይ፣ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ቀብተህ እሰረው። ቁራጭ አሉሚኒየም ምናለሽ ተራ ፈልግ። በውጭ አገር ሰዎች ልክ አትሥራ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፣ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙም ያነሰ ነው። አሉሚኒየሙን አሳድገው።

ከለገሃር፦ የተቃጠለ የፍሎረሰንት መብራት ለሰይፉ ቱቦ ይሆናል?

በፍጹም! መስታወት ነው፤ ውስጡም ሜርኩሪ አለበት። አክሪሊክም ሲመታ ስለት ያለው ስብርባሪ ይሆናል። ፖሊካርቦኔት ፈልግ።

ከስታዲየም፦ የትኛው ቀለም ይደምቃል?

አረንጓዴ። የሰው ዓይን በቀን ብርሃን አጥርቶ የሚያየው 555 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ቀለም ነው። ምንም ቀለም ብትመርጡ ግን ቱቦውን በእጀታው ላይ በብሎን እሰሩት፤ ልጁ ነቅሎ በሌንሱ በኩል ኤልኢዲውን በቀጥታ እንዳያይ።