«ባለቤቴ እናቴን ‹ብዪ› ብሎ አይለምንም»

«የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባለቤቴ 9 ዓመት ጀርመን ኖሮ አምና ጠቅልሎ ገባ፤ ተጋባን። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ቤተሰቤ ፊት ያሳፍረኛል። እናቴ ቅቤና የጤፍ ዱቄት ይዛ ከቢቸና ስትመጣ ‹ቀድመው ቢደውሉልን ጥሩ ነበር› አላት። ምሳ ላይ አንድ ጊዜ ‹ጠግቤያለሁ› ስትል ዝም ብሎ መሶቡን አነሳ። ማታ ስታለቅስ ሰማኋት። አጎቴ ብር አበድረኝ ቢለው ‹አይ፣ አልችልም› ብሎ ፊት ለፊት መለሰለት። ይንቀናል ማለት ነው? ወይስ ልቡ እዚያው ቀርቷል?»

እህቴ፣ እናትሽ ያለቀሱበትን ምሽት ሳነብ በጣም አዘንኩ። ልጃቸውን ሊያዩ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው እንደ ሸክም የተቆጠሩ መስሏቸዋል። ማዘናቸው ልክ ነው። ባለቤትሽ ግን ሊያስቀይማቸው አስቦ ያደረገው አይመስለኝም።

እኛ ዘንድ እንግዳ መጀመሪያ «በቃኝ» ይላል። ይሉኝታ ነው። ጋባዡም ይህን ስለሚያውቅ «አፈር ስሆን»፣ «በሞቴ» እያለ ይለምናል፤ ያጎርሳል። እንግዳው ቢጠግብም ሁለት ጉርሻ ይጨምራል። ጀርመን ግን «በቃኝ» ያለ ሰው በቃው ማለት ነው። ደጋግሞ መለመን ሰውየውን ማስጨነቅ ይሆናል። ብዙ ሐበሻ መጀመሪያ ሰሞን እንግድነት ሄዶ እንደራበው የሚመለሰው ለዚህ ነው። ባለቤትሽም ይህን ሳይቀምሰው አልቀረም።

ሌላውም እንዲሁ ነው። እዚያ ሰው ቤት የሚኬደው በቀጠሮ ነው። በአብዛኛው ቦታ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጎረቤት የሚረብሽ ድምፅ ክልክል ነው። እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ካፌ ሂሳብ ሲመጣ አስተናጋጁ «አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ?» ይላል፤ «እኔ ልክፈል» ብሎ ግብግብ ብዙም የለም። ሰው 9 ዓመት እንዲህ ሲኖር ሳያስበው እጁም አንደበቱም ይለምደዋል።

መመለስም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ጉላሆርን የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን ጽፈዋል። ውጭ ኖረው የተመለሱ ሰዎች ባዕድ አገር የገጠማቸው ዓይነት ግራ መጋባት አገራቸው ላይም እንደገና ይገጥማቸዋል። ይኼኛው ደግሞ ማንም አይራራላቸውም። ለባዕድ ሰው «አያውቅም» ተብሎ ይታለፋል፤ የጎጃም ልጅ ሲሳሳት ግን «ፈረንጅ ሆነ» ይባላል። ስለዚህ «ከመጣህ ወዲህ ምን ከበደህ?» ብለሽ ጠይቂው። ምናልባት እስካሁን የጠየቀው ሰው የለም።

የእናትሽን ነገር ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ አንሺው እንጂ እንግዳ ፊት አትገሥጪው። «ናቅካት» አትበይው። «ሳትለምናት መሶቡን ስላነሳህ እናቴ ማታ አልቅሳለች» በይው። ይህን ሲሰማ የሚደነግጥ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው የእሱ ነው። ደብረ ማርቆስ እስከኖረ ድረስ እንግዳ መለመንን እንደገና መልመድ ያለበት እሱ ነው፤ ይህን ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ። ለእናትሽ ራሱ ይደውል። ይቅርታውን አንቺ አታድርሺለት። ደውለው እንዲመጡ ማድረጉንም እናትሽ ላይ ሕግ አታድርጉት። ለጓደኞቻችሁ ከሆነ እንደፈለጋችሁ።

በአጎትሽ ጉዳይ ግን ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። «እስቲ እናያለን» እያሉ ሰውን ወር ሙሉ ከማመላለስ እንደማይችል መናገሩ ይሻላል። የጎደለው አነጋገሩ ነው። ቡና አስፈልቶ፣ ያለበትን ሁኔታ አስረድቶ ቢሆን ኖሮ አጎትሽ ባዶ እጃቸውን ቢወጡም ያን ያህል ቅር አይላቸውም ነበር።

አንድ ነገር ግን ለይተሽ እይ። ከነገርሽው በኋላም ቤተሰብሽን «ኋላ ቀሮች» እያለ የሚያጥላላ ከሆነ፣ ወይም ዘመድ እንዳይመጣብሽ የሚከለክል ከሆነ፣ ይህን የጀርመን ልማድ ነው ብለሽ አትለፊው። እዚያም ነውር ነው። ያኔ ሁለታችሁም አንድ ባለሙያ ዘንድ፣ ወይም የምታከብሩት ሽማግሌ ካለ እሱ ዘንድ ቀርባችሁ ተነጋገሩ። ከደብዳቤሽ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላነበብኩም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ለብቻችሁ ተነጋገሩበት።