የድሮ ሞተር ሳይክል አሞርዛተርን ስለ ማደስ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

በዚህ ወር ከሐዋሳ አንባቢያን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የኋላ አሞርዛተርን፣ አንዳንዶች ሾክ አብዞርበር የሚሉትን፣ የሚመለከቱ በመሆናቸው በአንድነት እመልሳቸዋለሁ።

«የአባቴ የነበረችውን፣ ሁለት የኋላ አሞርዛተር ያላትን የድሮ ሆንዳ እያደስኩ ነው። ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት) ሁለት ጊዜ ብለውጥም በሳምንቱ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል። የሚሸጡልኝ ዕቃ ጥራት የለውም ማለት ነው?» (ከታቦር)

ሻጩን ከመውቀስዎ በፊት የአሞርዛተሩን ዘንግ፣ ማለትም የሚወጣና የሚገባውን ብረት፣ ይመርምሩ። በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ወደ መስኮት ብርሃን አዙረው ይዩት፤ ከዚያም ጥፍርዎን ከላይ እስከ ታች ቀስ አድርገው ያሂዱበት። ጥፍር የሚይዝበት ቦታ ካገኙ ዝገት ክሮሙን በልቶ ጉድጓድ ሠርቷል፤ ያ ጉድጓድም ዘንጉ በወጣና በገባ ቁጥር የሲሉን ከንፈር እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። እንዲህ ባለ ዘንግ ላይ ምንም ዓይነት ሲል ቢገባ አይበረክትም። ጥፍር የማይዘው ቀላል ዝገት በ1200 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀትና በዘይት ይለሰልሳል። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ግን የሃይድሮሊክ ሲሊንደር የሚጠግኑ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን፣ ክሮም ለብሶ የሚመጣ ብረት በቶርኖ በልኩ ማስቀረጽ ይሻላል።

ሌላው ምክንያት የሲሉ ዓይነት ነው። ለሚሽከረከር ዘንግ የተሠራ ሲል ልኩ ቢገጥምም ለሚወጣና ለሚገባ ዘንግ አይሆንም። በሲሉ ላይ ለምሳሌ 12፣ 22 እና 5 የሚሉ ቁጥሮች ቢያዩ በሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋቱን፣ የውጭ ስፋቱንና ውፍረቱን ያመለክታሉ፤ ሲገዙ ከልኩ ጋር ሥራውንም ይናገሩ።

«መካኒኬ 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ሞላልኝ። አሁን ወደ ወንዶ ገነት ስሄድ ወገቤን ይመታኛል።»

አሞርዛተር የሚሠራው ዘይትን በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎች በማሳለፍ ነው፤ የሞላው (የጥቅልል ሽቦው) ጉልበት በዚያ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዘይቱ ሲወፍር በቀዳዳው ቶሎ አያልፍም፤ ስለዚህ ኮረኮንች ላይ ጎማው ወደ ቦታው ሳይመለስ ቀጣዩ ጉድጓድ ይደርስበታል። 5 ወይም 10 ቁጥር የፊት ሹካ ዘይት ይጠቀሙ፤ ካጡ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ለ10 ቁጥር የቀረበ ነው። የፍሬን ዘይት ግን የሲሉን ጎማ ስለሚያበላሽ ፈጽሞ አያስገቡ። መጠኑንም በሞተሯ የጥገና መጽሐፍ በተጻፈው ሚሊ ሊትር ልክ በሲሪንጅ ይለኩ። እኔ በመጀመሪያ ያደስኩትን አሞርዛተር እስከ አፉ ሞልቼው ነበር። ዘንጉ ሲገባ ቦታ ይፈልጋል፣ ዘይት ደግሞ ተጨምቆ አያንስም፤ ገና በመጀመሪያው ጉዞ አዲሱ ሲል ተገፍቶ ወጣ።

«የያማሃ ዲቲ ሞኖክሮስ (ነጠላ የኋላ) አሞርዛተር ሞቷል። በመጋዝ ቆርጬ ልክፈተው?»

እባክዎ እንዳይቆርጡት። ውስጡ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅን አለ፤ የሞተ የሚመስለውም ቢሆን ግፊቱን ይዞ ሊቆይ ይችላል። መጀመሪያ ጋዙን አስተንፍሶ፣ በኋላም ናይትሮጅን መልሶ መሙላት ለሚችል ባለሙያ ይስጡት። በጎማ ቤት ኮምፕሬሰር አየር መሙላትም እርጥበትና ኦክስጅን ስለሚያስገባ ምትክ አይሆንም።

«ለ1970ዎቹ ሞተር አሞርዛተር የት ይገኛል? በየሱቁ ‹የለም› ነው መልሱ።»

ሻጭ የሞተሯን ስም ሲሰማ «የለም» ይላል፤ ልኩን ሲሰጡት ግን መደርደሪያውን መፈተሽ ይጀምራል። ስለዚህ በካሊፐርና በሜትር ለክተው በወረቀት ይያዙ፦ ከላይኛው ቀለበት መሐል እስከ ታችኛው መሐል ያለውን ርዝመት፣ የላይና የታች ጎሚኒዎችን (በቀለበቶቹ ውስጥ ያሉትን ጎማዎች) ቀዳዳ ለየብቻ (ብዙ ጊዜ ይለያያሉ)፣ የቀለበቱን ስፋት፣ የሞላውን ሽቦ ውፍረትና የጥምዙን ብዛት። በከተማችን የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ የማይገኝበት ሰፈር ጥቂት ነው፤ ጎሚኒ በልክ ከሄዱ ከዚያም ሊያገኙ ይችላሉ። ካልሆነ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ መሄድ ይገባል። ሙሉውን ከውጭ ለማስመጣት ለሚችል ደግሞ የእንግሊዙ ኩባንያ ሃጎን ለድሮ ሞተሮች በልክ ይሠራል፤ የኮኒን የሞተር ሳይክል አሞርዛተር ሥራ የተረከበው የአውስትራሊያው አይኮንም የሚፈታና የሚታደስ ያመርታል። የኋለኛውን እመርጣለሁ፤ ከዓመታት በኋላ ሲል ብቻ ለውጦ መቀጠል ይቻላልና። ርዝመቱን ግን በግምት አይቀይሩ፤ የሰንሰለቱ አሄድና የሞተሯ አቋቋም ይዛባል።

«የሚያፈሰው የግራው ብቻ ነው። አንዱን ብቻ ላድስ?»

ሁለቱንም ያድሱ። አንዱ ጠንክሮ ሌላው ከላላ የኋላውን ሹካ ያጣምማሉ፤ ሞተሯም በመታጠፊያ ላይ ትዋልላለች። ሲፈቱም ሞላውን በመጭመቂያ ሳይዙ የላዩን መያዣ አይንኩ፤ ታምቆ የቆየ ሞላ ሲያመልጥ ፊት ይመታል።