በዲስቲልድ ውሃ የሠራው ካታሊስት በጉድጓድ ውሃ ለምን ሰነፈ?

ጥያቄ፦ 10 ሚሊ ግራም በሊትር ዳይክሎፌናክ (የህመም ማስታገሻ መድኃኒት) በ0.5 ግራም በሊትር ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ (ፒ25 የሚባለው፣ ብርሃን ሲያርፍበት መድኃኒቱን የሚሰባብር የካታሊስት ዱቄት) እና በ365 ናኖ ሜትር አምፖል አክማለሁ። በዲስቲልድ ውሃ መድኃኒቱ በአንድ ሰዓት ይጠፋል፤ ከስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ በመጣ ውሃ ግን ግማሹም አይነካም። ካታሊስቱን እጥፍ ባደርግም ያው ነው።

መልስ፦ ካታሊስት መጨመሩን ይተዉት፤ ዱቄቱ ሲበዛ ራሱ ብርሃኑን ይጋርዳል። የምጠረጥረው ባይካርቦኔትን ነው፤ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሱ የታወቀ ነው። ብርሃን ካታሊስቱ ላይ የሚፈጥረውንና መድኃኒቱን የሚሰባብረውን ሃይድሮክሲል ራዲካል እየተሻማ ወደ ደካማው ካርቦኔት ራዲካል ይለውጠዋል። የውሃው ፒኤች 8 አካባቢ ከሆነ ደግሞ የካታሊስቱ ገጽም ዳይክሎፌናኩም ኔጋቲቭ ቻርጅ ስለሚይዙ ይገፋፋሉ።

መጀመሪያ ያረጋግጡ። የጉድጓዱን ውሃ አልካሊኒቲ (አሲድን የመቋቋም አቅም) ይለኩ። በካልሲየም ካርቦኔት ስሌት 300 ሚሊ ግራም በሊትር ከሆነ፣ በግማሽ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ 0.25 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት አሟሙተው ሙከራውን ይድገሙ። እንደ ጉድጓዱ ውሃ ከዘገየ ሌባው ተይዟል። ካልዘገየ በውሃው የሟሟ ኦርጋኒክ ቁስን ይጠርጥሩ።

ከተያዘ፣ መድኃኒቱንም ካታሊስቱንም ከመጨመርዎ በፊት በግማሽ ሊትሩ የጉድጓድ ውሃ ላይ 1 ሞላር ናይትሪክ አሲድ ጠብ ያድርጉ፤ ፒኤች 5 ለመድረስ ከ3 ሚሊ ሊትር ትንሽ ያነሰ ይበቃል። ከዚያ አየር ይንፉበት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣ ፒኤቹ ስለሚያሻቅብ እንደገና ያስተካክሉ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አይጠቀሙ፤ ክሎራይዱ ሌላ ተሻሚ ይሆናል። ከ4.5 በታችም አይውረዱ፣ ዳይክሎፌናኩ ሊዘቅጥና ሳይሰበር የጠፋ ሊመስል ይችላል።

በፒኤች 5 መድኃኒቱ ካታሊስቱ ላይ በደንብ ይለጠፋል። ስለዚህ በጨለማ 30 ደቂቃ አማስለው የሚወስዱት ናሙና ነው የዜሮ ሰዓት ንባብዎ። ያለ ካታሊስት በብርሃን ብቻ የሚሄድ ቢከርም ያስፈልጋል፤ በተለይ ፀሐይ ላይ ከሠሩ፣ ዳይክሎፌናክ በፀሐይ ብቻውን ይሰበራልና።

ውሃው ቢጫ ካለ በ276 ናኖ ሜትር የስፔክትሮፎቶሜትር ንባብ አይተማመኑ፤ ስብርባሪዎቹም እዚያው ብርሃን ይመጥጣሉ። በኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ለይቶ በሚለካ መሣሪያ) ይለኩ። ናሙናውን በሴንትሪፊውጅ ካዞሩ በኋላ በ0.22 ማይክሮን ፒቲኤፍኢ (ቴፍሎን) ፊልተር ያሳልፉ፣ የመጀመሪያውን 1 ሚሊ ሊትር ይድፉት። ናይለን ፊልተር መድኃኒቱን ራሱ ሊያስቀር ይችላል።

ይህ ሁሉ ለላብራቶሪ ነው። ለማኅበረሰብ ጉድጓድ አሲድ ጨምሮ መልሶ ማስተካከል ወጪው አያዋጣም፤ እዚያ ግራኑላር አክቲቬትድ ካርቦን (መድኃኒቱን ይዞ የሚያስቀር የከሰል ጥራጥሬ) ይቀድማል።